ጠርሙሱን ማን ያንሳው?

ሰው በፀረ ተባይ መድኃኒት ሲሞት ጎረቤት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ራሱ ጠጣው ወይስ ሰው አጠጣው? መቱም፣ ጎሬም፣ ያዮም ብትሄዱ ጥያቄው ያው ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ከሐሜት ይመጣል። ሟች ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ከነበረ ሚስቲቱ ትጠረጠራለች፤ ዕዳ ከነበረበት «በቃ፣ ራሱን አጠፋ» ተብሎ ይቀበራል። አልጋው ሥር የወደቀውን ላስቲክ ልብ ብሎ ያየው የለም።

ያ ላስቲክ የጣት አሻራ ይዞ ሊሆን ይችላል። መርዝ መያዙ ደግሞ የታወቀ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ማላታይንና መሰሎቹ በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳም ይገባሉ። እኛ አገር ደግሞ መድኃኒቱ ከዋናው ዕቃ እየተቀነሰ በሃይላንድ ላስቲክ ስለሚሸጥ መርማሪው የያዘው ምን እንደሆነ የሚነግረው ጽሑፍ የለም። የነቀዝ ክኒን የሚባለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይብሳል፤ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይለቃል። የሟች ትውከት ራሱ እርጥበት ነው። በሩ ተዘግቶ ያደረ ክፍል ውስጥ ዘው ብሎ የገባ ፖሊስ ሁለተኛ ሟች ሊሆን ይችላል፤ በኮሮና ጊዜ የለመድነው ማስክም ጋዝ አያቆምም።

ይህ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2010 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ሶልዝበሪ ከተማ ኖቪቾክ የተባለው መርዝ በአንድ ቤት የበር እጀታ ላይ ተቀብቶ ነበር። በምርመራው የተሳተፈ ፖሊስ ተመርዞ ሆስፒታል ገባ። ከወራት በኋላ ደግሞ እዚያው አካባቢ አንዲት ሴት መርዙ ያለበትን የሽቶ ብልቃጥ ሽቶ መስሏት ተቀብታ ሞተች። ኖቪቾክና ማላታይን በጉልበት አይወዳደሩም፤ ነርቭን የሚያጠቁበት መንገድ ግን አንድ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ክፍሉን ማናፈስና መጠበቅ። ቀጥሎ ምንም ሳይነኩ ፎቶ ማንሳት፤ ምክንያቱም አሻራው በኋላ ቢጠፋ እንኳ ፎቶው ይቀራል። በየፋርማሲው የሚሸጠው ስሱ የላቴክስ ጓንት ለዚህ አይሆንም፤ ወፈር ያለ የናይትራይል ጓንት ያስፈልጋል። «መርዙን ላጽዳ» ብሎ በረኪና ማፍሰስ አሻራውንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። እዚያው ላይ ዱቄት መነስነስም አይጠቅም፤ ቅባት ባለው ዕቃ ላይ ዱቄቱ ሁሉም ቦታ ይጣበቃል፣ ብሩሹም መርዙን ያዛምታል። የኢሉባቦር ዝናብ ያረጠበው ዕቃ ከሆነ ደግሞ እሳት ዳር ሳይሆን በጥላ ይድረቅ። ከዚያ ክዳኑን ዘግቶ፣ አንገቱን በሲባጎ አስሮ፣ ጎኑ ምንም እንዳይነካ ካርቶን ውስጥ ማቆም፤ ካርቶኑ ላይም «መርዝ» ብሎ መጻፍ። ከመቱ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ዕቃ ተሳፋሪ በሞላበት አውቶቡስ ወንበር ሥር አድርጎ መላክ ሌላ ወንጀል ነው።

አሻራ ሁሉን ይፈታል አልልም። አሻራ የሚለው «ይህ ሰው ነክቶታል» ነው፤ መቼ እንደነካው አይናገርም። ቡናውንና በቆሎውን አብሮ በሚጠብቅ ቤተሰብ ውስጥ የሚስት አሻራ ላስቲኩ ላይ መገኘቱ ብቻውን ምንም አያሳይም፤ በዚህ ብቻ ሰው ማሰር ከሐሜቱ አይሻልም። የሟች አሻራ ጨርሶ ካልተገኘና የማንም ቤተሰብ ያልሆነ አሻራ ክዳኑ ላይ ከተገኘ ግን መዝገቡ ሊዘጋ አይገባም።

እኔ በየወረዳው ላቦራቶሪ ይከፈት እያልሁ አይደለም። ላቦራቶሪው አዲስ አበባ ይሁን። የመጀመሪያዋ ሰዓት ግን መቱ ላይ ናት፣ ሁሩሙ ላይ ናት፣ ዳሪሙ ላይ ናት። ስለዚህ የዞኑ ፖሊስ ለሕዝቡ ይንገረን፦ በየጣቢያው ስንት ጥንድ የናይትራይል ጓንት አለ? ጋዝ የሚያጣራ ማስክስ? ዛሬ ማታ ቢጠራ ላስቲኩን እንዴት እንደሚያነሳ የሠለጠነው ተረኛስ ማን ነው?