«ተማሪ አይንካኝ» ከማለታችን በፊት



ዛሬ የምጽፈው ስለ በሽታ ሳይሆን ነገ ስለሚያክሟችሁ ሰዎች ነው። በጅግጅጋም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ሁለት ንግግሮችን ደጋግሜ እሰማለሁ። አንደኛውን የሚሉት ወላጆች ናቸው፦ «ልጄ ዶክተር ሆኖ ባየሁ!» ሁለተኛውን የሚሉት ታካሚዎች ናቸው፦ «እኔ የተማሪ መለማመጃ አይደለሁም፤ ዋናውን ሐኪም ጥሩልኝ!» ብዙ ጊዜ ሁለቱንም የሚለው ያው አንድ ሰው ነው።

ሐሳቤን ሳላዞር ልንገራችሁ። ሁለተኛውን ሁላችንም ካልን የመጀመሪያው ምኞት አይደርስም። የሕክምና ተማሪ ያለ ታካሚ ፈቃድ ሐኪም መሆን አይችልም። ታካሚም ሲፈቅድ ክብሩ ሳይነካ መሆን አለበት። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ሐኪም የሚሆነው እንዴት ነው?

ብዙ ወላጆች የሕክምና ትምህርት መጽሐፍ ማንበብ ብቻ ይመስላቸዋል። መጽሐፉ ግማሹ ነው። ተማሪው የፍሬሽማን ትምህርቱን ሲጨርስ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ፓቶሎጂና ፋርማኮሎጂ ይማራል። ይህ ፕሪ ክሊኒካል የሚባለው ነው። ከዚያ ነጭ ጋውን ለብሶ ዋርድ ይገባል፤ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በማሕፀንና ጽንስ ክፍሎች እየተዘዋወረ ከአልጋ አጠገብ ይማራል። በመጨረሻው ዓመት ኢንተርን ሆኖ ቀንም ሌሊትም ዲዩቲ እየገባ በበላይ ሐኪሞች ሥር ይሠራል። ሁሉም ሲደመር ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ የብቃት ምዘና ፈተና ይጠብቀዋል።

የዋርድ ፈተናው እንኳ በታካሚ ነው። ተማሪው አንድ ታካሚ ይሰጠዋል፤ ያናግራል፣ ይመረምራል፣ ያገኘውን መምህራኑ ፊት ቆሞ ያስረዳል።

በታካሚ የሆነበት ምክንያት አለው። የልብ በር ሲጠብ የሚሰማውን ድምፅ መጽሐፍ ይገልጸዋል፤ ጆሮ ግን የሚለየው ብዙ ልብ ካዳመጠ በኋላ ነው። የትርፍ አንጀት ሕመም ያለበት ሆድ ሲነካ እንዴት እንደሚደነድን የሚያውቀው እጅ ነው። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ አተነፋፈሱ ፈጣን ነው፤ ሳል ካለበት ደግሞ የሳንባ ምች ምልክት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ማንም ይሸመድደዋል። የሚያለቅስ ሕፃን አረጋግቶ፣ ደረቱን ገልጦ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠርን የሚያስተምረው ግን ሕፃኑና እናቱ ናቸው።

ይህ ለኛ አካባቢ ለምን ይበልጥ ያስፈልጋል?

የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ተከፈተ፤ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ በ1950ዎቹ አጋማሽ ጀመረ። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው ግን በ1999 ነው። ዛሬ ተማሪዎቹ በሼህ ሀሰን የባሬ ሆስፒታል ሲማሩ ታያላችሁ። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ከበድ ያለ ሕመም ሲያጋጥም ካራማራን ተሻግሮ፣ ባቢሌን አልፎ ሐረር ሕይወት ፋና መድረስ፣ እዚያም ካልተቻለ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ ምን ያህል ገንዘብና እንግልት እንደሚጠይቅ ያያችሁት ታውቁታላችሁ። ከቶጎ ውጫሌ ድንበር ተሻግሮ ሐርጌሳ የሚታከምም አለ። ሰው ከቤቱ አቅራቢያ እንዲታከም ከተፈለገ ሐኪሙም እዚሁ መማር አለበት፤ ሐኪም እዚህ እንዲማር ደግሞ እዚህ ያለ ታካሚ በሩን ሊከፍትለት ይገባል።

የተማሪ ምርመራ ለታካሚውም ጥቅም አለው። ወረፋ የበዛበት ተመላላሽ ክፍል የሚሠራ ሐኪም ለእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ደቂቃ ነው ያለው። ተማሪ ግን ቁጭ ብሎ ሙሉ ሂስትሪ ይወስዳል፤ አንዳንዴ ሰዓት ይፈጅበታል። «ያልፈላ የግመል ወይም የፍየል ወተት ይጠጣሉ? ከብት ሲወልድ በእጅዎ ይረዳሉ? ጫት ይቅማሉ? ቤት ውስጥ የቆየ ሳል ያለበት ሰው አለ?» ጥያቄው ሲበዛ ያሰለቻል፤ ግን በዚህ መሃል ትልቅ ነገር ሊወጣ ይችላል። ለምሳሌ ብሩሴሎሲስ ባልፈላ ወተት ይተላለፋል። ትኩሳቱ መጣ ሄደት ይላል፣ ሌሊት ያልባል፣ ወገብና መገጣጠሚያ ያማል። ስለ ወተቱ የጠየቀ ሰው ከሌለ ታይፎይድ ነው፣ ወባ ነው እየተባለ ሊከርም ይችላል። በነገራችን ላይ፣ ወተት አፍልታችሁ ጠጡ።

የታካሚው ቅሬታም እውነት ነው

«አንካካም» የሚል ታካሚ ሁሉ ተሳስቷል አልልም። እኔም ተማሪ እያለሁ እምቢ ያሉኝ ነበሩ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ዛሬ አራተኛዋ አንቺ ነሽ፤ ሆዴ በጣት አለቀ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። አመስግኜ ወጣሁ። አሥራ ምናምን ተማሪ አልጋ ከቦ፣ ማንም ስሙን ሳይናገር፣ የታመመ ሆድ ተራ በተራ ሲጫን ማን ደስ ይለዋል? ሴት እህታችን ያለ መጋረጃ ስትገለጥስ? ይህ ትምህርት ሳይሆን ክብር መንካት ነው። መታረም ያለበትም በታካሚው ትዕግሥት ሳይሆን በእኛ በባለሙያዎቹ ነው።

ስለዚህ ተማሪ ወደ አልጋችሁ ሲመጣ መብታችሁን እወቁ፦

1. ስሙንና ደረጃውን ጠይቁ። ተማሪ ነው? ኢንተርን ነው? ሬዚደንት ነው? ስፔሻሊስት ነው? ራሱን የማስተዋወቅ ግዴታው የእሱ ነው።

2. ማን እንደሚወስን እወቁ። ተማሪ በራሱ ሥልጣን መድኃኒት አያዝም፣ ስለ ቀዶ ሕክምና አይወስንም። ያገኘውን ለበላዩ ያቀርባል። ኢንተርንም የሚሠራው ኃላፊነት ባለው ሐኪም ሥር ነው።

3. እምቢ ማለት ትችላላችሁ። እምቢ በማለታችሁ ሕክምናችሁ ሊቀር ወይም ሊጓደል አይገባም።

4. «አዎ፣ ግን» ማለትም ትችላላችሁ። «ሁለት ተማሪ ይበቃል»፣ «ሲያመኝ አቁሙ»፣ «ጥያቄ እመልሳለሁ እንጂ አልነካም» ማለት ነውር የለውም።

5. ሴት ታካሚዎች ሴት ተማሪ እንድትመረምራቸው፣ ካልተገኘች ደግሞ ሴት ባለሙያ አብራቸው እንድትቆም ይጠይቁ። መጋረጃ ይዘጋ።

6. የሚስጥር ጉዳይ በልጃችሁ አፍ አታስተርጉሙ። እናት ስለ ማሕፀኗ በወንድ ልጇ በኩል ስትናገር ግማሹን ትውጠዋለች። ቋንቋውን የሚችል የጤና ባለሙያ እንዲመጣላችሁ ጠይቁ።

7. ያለ ፈቃዳችሁ ማንም ፎቶ ሊያነሳችሁ አይገባም፤ ተማሪም ቢሆን፣ ዶክተርም ቢሆን።

ያ ተማሪ የማን ልጅ ነው?

በአገራችን ተማሪን ዩኒቨርሲቲ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ስለዚህ ጅግጅጋ አልጋችሁ አጠገብ የቆመው ልጅ ከጎጃም፣ ከወለጋ ወይም ከወላይታ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሶማሊኛ ሳይሰማ መጥቶ መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ «ሀልኬ ባ ኩ ሀኑናይሳ?» ብሎ የት ጋ እንደሚያማችሁ መጠየቅ ነው። አነጋገሩ ሊያስቃችሁ ይችላል። ሳቁ፣ ግን አርሙት። እናንተ ያረማችሁትን ቃል የሚቀጥለው ታካሚ ይጠቀምበታል።

ነገሩን ደግሞ ገልብጡት። ከጅግጅጋ፣ ከቀብሪ በያህ፣ ከአውበሬ ወይም ከሺኒሌ የሄደ ልጃችሁ ጎንደር ወይም ጅማ ሊመደብ ይችላል። የአፍ መፍቻው ባልሆነ ቋንቋ እየተንተባተበ አንዲት የማያውቃት እናት አጠገብ ቆሞ «እማማ፣ ልመርምርዎት?» ይላል። ያቺ እናት ምን ብትለው ትወዳላችሁ? «ውጣልኝ» ብትለው ወይስ «ና ልጄ፣ እጅህን ግን አሙቅ» ብትለው? ልጃችሁ እዚያ እንዲያገኝ የምትመኙትን እዚህ ለሌላው ልጅ ስጡ። የሰው ልጅ ተምሮባችሁ የእናንተ ልጅ በሰው ይማራል።

ለወላጆችም አንድ ቃል። ልጃችሁን ሕክምና ግባ ወይም ግቢ ከማለታችሁ በፊት ይህን ሁሉ አስቡበት። በማትሪክ ጥሩ ውጤት ማምጣት አንድ ነገር ነው፤ ሌሊት ሙሉ ቆሞ የሰው ሕመም መስማት ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ልጁን ጠይቁት። ሴት ልጃችሁ ከፈለገችው ደግሞ «ትምህርቱ ረጅም ነው፣ ዕድሜሽ ይሄዳል» ብላችሁ አታስቀሯት። ከላይ በተራ ቁጥር 5 «ሴት ተማሪ ትመርምረኝ» ብላችሁ ጠይቁ ያልኩት ሊሆን የሚችለው አንድ ሰው ሴት ልጁን ሕክምና እንድትማር ሲልክ ነው። ሁላችንም ሴት ሐኪም ፈልገን ሴት ልጃችንን ካስቀረን ከየት ትመጣለች?

በሚቀጥለው ጊዜ ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ እየፈራ ወደ አልጋችሁ ቢጠጋ፣ መጀመሪያ ስሙን ጠይቁት። ከዚያ አዎም እምቢም ማለት የእናንተ ነው። አዎ ብላችሁ ከፈቀዳችሁለት ግን ከመምህራኑ እንደ አንዱ ቁጠሩ፤ ዲግሪው ላይ ስማችሁ ባይጻፍም።

ተማሪ መርምሯችሁ ያውቃል? ጥሩም መጥፎም ገጠመኝ ካላችሁ፣ የሆስፒታልና የሰው ስም ሳትጠቅሱ አካፍሉን። ልጁ ሕክምና ለሚማር ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።

ጤና ለሁላችን ይሁን።