ሰንሰለት የጎተቱ፣ ደብዳቤ ያደረሱ

በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ኪንግ ስትሪትን ሽቅብ ቁልቁል ከሚሉት መካከል፣ የከተማዋን የመጀመሪያ ቦታዎች ፕላን እ.ኤ.አ. በ1749 በእጁ የሳለው የ17 ዓመት ጎረምሳ ማን እንደነበር ስንቱ ያውቅ ይሆን? ጆርጅ ዋሽንግተን ነበር። ወረቀቱ ዛሬም በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል።

የዋሽንግተን ስም ሲነሣ ፈረስና ሰይፍ ይታወሳል፤ ሥዕሎቹም ሐውልቶቹም ያንን አስለምደዋል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን የአሜሪካን አብዮት ለመረዳት ከሰይፉ በፊት የቀያሹን ሰንሰለት ማየት ይገባል፤ ከጄኔራሉም አጠገብ ሰንሰለቱን የጎተቱትንና ወሬውን ያደረሱትን ሰዎች።

ዋሽንግተን ከቀያሾች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1748፣ በ16 ዓመቱ ነው። ከብሉ ሪጅ ተራሮች ማዶ የሎርድ ፌርፋክስ ሰፊ ርስት ተሸንሽኖ ለሰፋሪ ሊሰጥ ነበር። በመልካም ቤት ያደገው ልጅ በጉዞው መጀመሪያ ካደረባቸው ቤቶች በአንዱ ልብሱን አውልቆ ጋደም ቢል፣ የጠበቀው ጥቂት ጭድና ቅማልና ቁንጫ የወረረው አንድ ያለቀ ብርድ ልብስ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ላይ፣ እሳት ዳር መተኛትን እንደሚመርጥ በማስታወሻው ጽፏል።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። የእንግሊዝ ቀያሾች ሰንሰለት 66 ጫማ፣ ማለትም ወደ 20 ሜትር ይረዝማል፤ 80 ጊዜ ሲዘረጋ አንድ ማይል ይሞላል። ቀያሹ በኮምፓስ አቅጣጫ ያወጣል፤ ሁለት ሰዎች የሰንሰለቱን ጫፍና ጫፍ ይዘው ጫካውንና ጅረቱን ያቋርጣሉ፤ በወሰን ዛፎች ላይ በመጥረቢያ ምልክት ይቆረጣል። ድንበሩም ከዚህ ኦክ ዛፍ እስከዚያ ጅረት እየተባለ በመዝገብ ይሰፍራል። ወጣቱ በ1749 የካልፔፐር አውራጃ ቀያሽ ሆኖ ተሾመ፤ በጥቂት ዓመታትም 200 የሚጠጉ ይዞታዎችን ለካ። ክፍያው ጥሩ ስለነበር ገና በ18 ዓመቱ በሸናንዶዋ ሸለቆ 1,459 ኤከር መሬት ገዛ።

መሬቱ ግን ባለቤት አልባ አልነበረም። የአገሬው ተወላጆች የሚያድኑበት፣ የሚያርሱበትና ሙታናቸውን የቀበሩበት ምድር ነው። በ1763 የእንግሊዙ ንጉሥ ከአፓላቺያን ተራሮች በስተምዕራብ ሰፈራን በአዋጅ ከለከለ። ከአራት ዓመት በኋላ ዋሽንግተን ለቀያሹ ዊልያም ክሮፎርድ ደብዳቤ ጻፈለት፤ በተከለከለው አገር ለም መሬት እንዲፈልግለት፣ ነገሩን በምስጢር እንዲይዝና ለአደን የወጣ እንዲመስል። ቅየሳና ስለላ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ሥራ ሆነው ይታያሉ። ደብዳቤውን ዘሎ የሰውዬውን ምስጢር ጠባቂነት ብቻ የሚያወድስ ታሪክ ጎዶሎ ነው።

ከእንግሊዝ ጋር ጦርነቱ ሲመጣ የለመደው ዓይን ሥራ አገኘ። በ1777 መጀመሪያ ዋሽንግተን ሠራዊቱ ደህና ካርታ እንደሌለው ለምክር ቤቱ አቤት አለ። በዚያው ዓመት ስኮትላንድ የተወለደው ሮበርት ኧርስኪን የጦሩ ዋና ቀያሽ ሆነ። ካርታዎቹ ከመንገዱ ጋር መጠጥ ቤቱን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የነዋሪውን ቤት ሳይቀር ያሳያሉ። ለሚጓዝ ጦር ውኃና ማደሪያ የሚገኘው እዚያ ነውና።

ጠላት በያዘው ከተማ ውስጥ ግን ሰንሰለት ዘርግቶ መለካት አይቻልም። በ1776 የ21 ዓመቱ የቀድሞ መምህር ናታን ሄል ለዋሽንግተን ሊሰልል ያለ በቂ ዝግጅት ገብቶ በኒው ዮርክ ተሰቀለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የዋሽንግተን መኮንን ቤንጃሚን ታልማጅ የስለላ መረብ ዘረጋ፤ እያንዳንዱም ሰው የዕለት ሥራውን እንደያዘ። ነጋዴው ሮበርት ታውንሴንድ በኒው ዮርክ ሱቁ ሆኖ የመርከብና የወታደር ወሬ ይለቅማል። የመጠጥ ቤት ባለቤቱ ኦስቲን ሮው ዕቃ የሚገዛ መስሎ ከሴታውኬት መንደር እስከ ኒው ዮርክ ረጅሙን መንገድ በፈረስ ይመላለሳል። ገበሬው አብርሃም ውድሃል ይረከባል፤ ኬሌብ ብሩስተር ደግሞ በጀልባ ባሕሩን አቋርጦ ወደ ኮነቲከት ያሻግራል። ጽሑፉ ሌላ ፈሳሽ ካልነካው በማይታይ ቀለም ይጻፋል፤ በቁጥር መዝገባቸው ዋሽንግተን 711፣ ኒው ዮርክ 727 ነበሩ። ውድሃል የተሰጠው የምስጢር ስም ካልፐር ነው፤ ወጣቱ ዋሽንግተን ሰንሰለት ካስጎተተበት ከካልፔፐር አውራጃ የተወሰደ ነው ተብሎ ይታመናል።

ታውንሴንድ ምስጢሩን ወደ መቃብር ይዞት ወረደ። ማንነቱ የታወቀው ከሞተ ከዘጠና ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የእጅ ጽሑፉ ከደብዳቤዎቹ ጋር ሲመሳከር ነው። ዝምታው የራሱ ምርጫ ነበር።

ጄምስ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበረውም። በቨርጂኒያ የዊልያም አርሚስቴድ ባሪያ ነበር። በ1781 በጌታው ፈቃድ ከዋሽንግተን ጎን ለተሰለፈው ፈረንሳዊ ጄኔራል ላፋየት ሊሠራ ገባ፤ ከዚያም አገልጋይ መስሎ ወደ እንግሊዙ ጄኔራል ኮርንዋሊስ ሰፈር ዘለቀ። እንግሊዞቹ አምነውት እነሱም እንዲሰልልላቸው ላኩት፤ እሱ ግን እውነተኛውን ወሬ የሚያደርሰው ለላፋየት ነበር። በዚያው ዓመት በዮርክታውን ኮርንዋሊስ እጁን ሰጠ፤ ጄምስም ወደ ባርነቱ ተመለሰ።

በ1783 ቨርጂኒያ በወታደርነት ያገለገሉ ባሪያዎችን ነጻ የሚያወጣ ሕግ ደነገገች። ሰላዩ ጄምስ ወታደር ስላልነበረ ሕጉ አላቀፈውም። ነፍሱን ለአደጋ የጣለበት ሥራ፣ በባሕርዩ በየትኛውም የጦር መዝገብ ላይ የማይሰፍር በመሆኑ በራሱ ላይ ተመዘዘበት። ይህ ግፍ ነው፤ በጊዜው ወግ ተሳቦ ሊለዝብ አይገባም። ላፋየት በ1784 ስለ አገልግሎቱ በእጁ የምስክር ወረቀት ጻፈለት፤ ጄምስም ለቨርጂኒያ ምክር ቤት አመለከተ። ነጻነቱ የተፈቀደለት በ1787፣ ድሉ ከተገኘ ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ለአርሚስቴድም ካሳ ተከፈለው።

ጄምስ ላፋየት የሚለውን ስም ወሰደ፤ በኒው ኬንት አውራጃም መሬት ገዝቶ ማረስ ጀመረ። በ1824 አዛውንቱ ጄኔራል አሜሪካን ሊጎበኝ ሪችመንድ ሲገባ፣ ከሕዝቡ መካከል ጄምስን ለይቶ በስሙ ጠራው፤ አቀፈውም።