የሳሙራይ ክብርና የሒሳብ መዝገብ

ሳሙራይ የተባለው የጃፓን የጦር ሰው ስም በተነሣ ቍጥር ፈጥኖ ወደ ሰው አሳብ የሚመጣው ሰይፍና ደም ነው። ስለ ጌታው የሚሞት፣ ከውርደት ይልቅ በገዛ እጁ ሆዱን መቅደድን የሚመርጥ፣ ገንዘብን እንደ ጉድፍ የሚቈጥር ጀግና እየተባለ ይነገርለታል። ይህ ሥዕል ፈጽሞ ሐሰት ነው አይባልም፤ ነገር ግን የታሪኩን የሚበልጠውን ክፍል ይሸፍናል። የሳሙራይ ሥነ ምግባር በብዛት የተጻፈውና የተፈተነው በጦር ሜዳ ሳይሆን በጽሕፈት ቤት፣ በጎተራና በብድር ውል ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከወታደር ይልቅ ማኅተም ለያዘ ሹምና ሚዛን ለያዘ ነጋዴ ይቀርባል።

ጦርነት በእውነት በነበረበት ዘመን ታማኝነት ብዙ ጊዜ ዋጋ የሚቈረጥላት ነገር ነበረች። በ1600 ዓ.ም. (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የጃፓንን ዕድል በወሰነው በሴኪጋሃራ ጦርነት፣ ኮባያካዋ ሂዴአኪ የተባለው መስፍን በውጊያው መካከል ሠራዊቱን ይዞ ወደ ጠላት ወገን ስለ ዞረ ድሉ ለቶኩጋዋ ኢዬያሱ ሆነ። ኢዬያሱም በ1603 ዓ.ም. ሾጉን ተብሎ ሥልጣኑን ያዘ። የሺማባራ ዓመፅ በ1638 ዓ.ም. ከጠፋ በኋላ በአገሩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ትልቅ ጦርነት አልተደረገም። ሳሙራዩ ሁለት ሰይፍ በወገቡ እንደ ታጠቀ ግብር የሚቈጥር፣ ድልድይ የሚያሠራ፣ ክስ የሚሰማና መዝገብ የሚጽፍ ሹም ሆነ። ደመወዙም በሩዝ ይሰፈርለት ነበር። ኮኩ የሚባለው መስፈሪያ 180 ሊትር ያህል ሲሆን ላንድ ሰው የዓመት ቀለብ ይበቃል ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ያማጋ ሶኮ (1622-1685) የተባለው ሊቅ በዚህ ጊዜ የማያስደስት ጥያቄ አነሣ። ገበሬው ያርሳል፤ የእጅ ሠራተኛው ይሠራል፤ ነጋዴው ይሸጣል ይለውጣል። ሳያርስ የሚበላው፣ ሳይሸምን የሚለብሰው ሳሙራይ ሥራው ምንድር ነው? መልሱም ለሌላው ሕዝብ የምግባር ምሳሌ መሆን ነው የሚል ሆነ። ከሕዝብ ግብር ደመወዝ የሚቀበል ሰው፣ በየትኛውም አገር ቢሆን፣ ከዚህ ጥያቄ የሚያመልጥበት መንገድ ያለው አይመስልም።

ሌላው ወገን ግን ሞትን ራሱን መንገድ አደረገው። የሳጋው የናቤሺማ ቤት ሎሌ ያማሞቶ ጹኔቶሞ ተናግሮ ያስጻፈው፣ በ1716 ዓ.ም. ገደማ የተፈጸመው «ሐጋኩሬ» የተባለው መጽሐፍ ዋና ትምህርቱ ይህ ነው። ተናጋሪው በዕድሜው አንድ ጦርነት እንኳ አላየም። ይህ መጽሐፍ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ለጃፓን ወታደሮች መቀስቀሻ ሆኖ አገለገለ፤ በ1941 ዓ.ም. በጦር ሚኒስትሩ በቶጆ ሂዴኪ ስም የወጣው መመሪያም በሕይወት መማረክን እንደ ኀፍረት ቈጠረ። መማረክ ነውር ነው ተብሎ የተማረ ወታደር የማረከውን ሰው እንደ ሰው ለማየት ይቸገራል። በ1942 ዓ.ም. በፊሊፒን አገር ከባታአን በእግራቸው የተነዱት ምርኮኞች በሺህ የሚቈጠሩት በመንገድ አለቁ። በ1904 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ግን በማጹያማ ከተማ የተቀመጡት የሩሲያ ምርኮኞች በደኅና ተይዘው ነበር። በሁለቱም ጊዜ የሳሙራይ ወግ ይጠቀስ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በደንብ ሊመረመር የሚገባው የአኮ ግዛት ነገር ነው። በ1701 ዓ.ም. የአኮ መስፍን አሳኖ ናጋኖሪ በኤዶ ቤተ መንግሥት ውስጥ ኪራ ዮሺናካ የተባለውን ባለሥልጣን በሰይፍ ስላቈሰለ በዚያው ቀን ራሱን እንዲገድል ተፈረደበት፤ ግዛቱም ተወረሰ። ከሎሌዎቹ 47 የሚሆኑት ቂማቸውን ይዘው ቆይተው በ1703 ዓ.ም. መጀመሪያ ኪራን ከነቤቱ ወረው ገደሉት። ይህን ታሪክ ቲያትሩም ሲኒማውም ለዓለም አዳርሶታል። ብዙ ያልተወራው የአለቃቸው የኦኢሺ ኩራኖሱኬ የሒሳብ ሥራ ነው።

ኦኢሺ የግዛቱ ዋና አስተዳዳሪ ነበር። የጌታው መርዶ አኮ በደረሰ ጊዜ ግዛቱ ያወጣው የወረቀት ገንዘብ በነጋዴውና በሕዝቡ እጅ ነበርና፣ ወረቀቱ ከንቱ ሆኖ እንዳይቀርበት ሰዉ ተሸበረ። ኦኢሺ በዚያ ሰዓት ሰይፍ አልመዘዘም፤ ወረቀቱ ከዋጋው 60 በመቶ እየታሰበ በጥሬ ብር እንዲለወጥ አደረገ እንጂ። ሊፈርስ ቀን ለተቈረጠለት ግዛት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ባዶ እጁን የሚሸኝ ባለዕዳ በየዘመኑ ሞልቷልና። ከዚያም ግንቡን ለመንግሥት መልክተኞች በሥርዓት አስረከበ። በእጁ የቀረውን ገንዘብ ለመንገድ፣ ለቀለብ፣ ለቤት ኪራይና ለመሣሪያ ሲያወጣ እያንዳንዱን በመዝገብ አሰፈረ፤ ድምሩም 700 ሪዮ ያህል ሆነ። ወደ ኪራ ቤት ከመዝመቱ በፊት፣ ከዚያ በኋላ በሕይወት እንደማይቈይ እያወቀ፣ መዝገቡን ወደ ጌታው ባልቴት ቤት ላከው።

መንግሥቱ ምን ይፍረድ ተብሎ ብዙ ክርክር ሆነ። ኦግዩ ሶራይ የተባለው ሊቅ ለጌታ መታመን የግል ምግባር፣ ሕግ ግን የሁሉ መሆኑን ገልጦ፣ እንደ ወንበዴ ሳይሆን እንደ ሳሙራይ በክብር ይሙቱ ብሎ እንደ መከረ ይነገራል። 46ቱም እንዲሁ ሞቱ። አንድን ሽማግሌ በሌሊት በብዙ ሰው ከቦ መግደል ጀግንነት ይባል እንደ ሆነ ገና ያከራክራል። መዝገቡ ግን አያከራክርም።

ሳሙራይ ሁሉ እንደ ኦኢሺ አልነበረም። ገቢው በሩዝ፣ ወጪው በገንዘብ ስለ ሆነ ሩዙን የሚሸጥለት ነጋዴ አበዳሪው ሆነ። ነጋዴ በማዕረግ ከሁሉ በታች ተቈጥሮ ሳለ ባለሁለት ሰይፉ ጌታ ወደ ደጁ እየተመላለሰ ይበደር ነበር። በ1789 ዓ.ም. ታላቁ ሹም ማጹዳይራ ሳዳኖቡ ከስድስት ዓመት በላይ የቈየው የሾጉኑ ሎሌዎች ዕዳ ይሰረዝ ብሎ አዘዘ። ለጊዜው ደስታ ሆነ፤ ወዲያው ግን አበዳሪዎች እጃቸውን ስለ ሰበሰቡ ባለዕዳው የባሰ ችግር ላይ ወደቀ። ከዚያ 60 ዓመት ቀድሞ በኪዮቶ ማስተማር የጀመረው፣ ራሱም በነጋዴ ቤት ያገለገለው ኢሺዳ ባይጋን፣ በቅንነት የተገኘ የነጋዴ ትርፍ ከሳሙራይ ደመወዝ አያንስም ብሎ አስተምሮ ነበር። ሹሞቹ ይህን ቢሰሙ ኖሮ ትእዛዙን ከማውጣታቸው በፊት ሁለት ጊዜ ባሰቡ ነበር።

በ1876 ዓ.ም. አዲሱ የሜጂ መንግሥት ሰይፍ መታጠቅን ከለከለ፤ የሩዙንም ደመወዝ በመንግሥት ቦንድ ለወጠው። በሚቀጥለው ዓመት ሳይጎ ታካሞሪ የመራው የሳጹማ ሳሙራዮች ዓመፅ በአብዛኛው ከገበሬ ልጆች በተመለመለ ሠራዊት ተሸነፈ። ወደ ንግድ የገቡትም ዋጋ መከራከርን እንደ ውርደት ቈጥረው ስለ ከሰሩ «የሳሙራይ ንግድ» የሚለው አነጋገር የኪሳራ መጠሪያ ሆነ። ሺቡሳዋ ኤይቺ ግን ከገበሬ ቤት ተወልዶ የሾጉኑ ቤት ሎሌ የሆነ፣ በ1867 ዓ.ም. ፓሪስን ያየ ሰው ነበር። በ1873 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር ሥራውን ትቶ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ባንክ መራ፤ 500 ያህል ኩባንያዎች ሲቋቋሙም እጁ ነበረበት። ከእነዚህም አንዱ በ1882 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሳካ የጥጥ መፍተያ ነው። የኮንፉሽየስ ትምህርትና የነጋዴ መቍጠሪያ ሰሌዳ አብረው ሊሄዱ ይገባል የሚለው አሳቡም በመጽሐፍ ታትሟል።

ሺቡሳዋ በ1931 ዓ.ም. በ91 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የኢትዮጵያ መልክተኛ ሆነው ጃፓንን ጐበኙ፤ በኋላም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። የጃፓን አቡጄዲ ግን ከርሳቸው ጉዞ ቀድሞ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገበያ ገብቶ በክንድ እየተለካ ይሸጥ ነበር።