ከመጪው ገና በፊት

እናንተ የጋሸና እኩዮቼ፣ ክፉውንም ደጉንም አብረን ያየን፣ ስለ ብስኩትና ስለ ችፕስ ላስቲክ ልናገር ስነሣ ነገሩን አታቅልሉብኝ።

ከወልድያም ከደብረ ታቦርም የመጣ የላሊበላ መንገደኛ የሚታጠፈው እኛ ዘንድ ነው። ለታኅሣሥ 29 የሚጓዘው ምእመን ቀድሞ ስንቁን በስልቻና በአገልግል ይይዝ ነበር፤ በሶው ሲያልቅ ስልቻው ወደ ቤት ይመለሳል። ዛሬ ቆሎው ሳይቀር በላስቲክ ታስሮ ይሸጣል። መንገደኛው ያልፋል፣ ላስቲኩ ይቀራል፤ ነፋሱም ወደ ግጦሹ ይነዳዋል።

ከብት አርቢዎች ናችሁ። በግ ጨው እንደሚወድ ማን ይነግራችኋል? የችፕስ ላስቲክ ውስጡ ጨውና ዘይት አለበት፤ በጉ ይልሰዋል፣ ይውጠዋል። ሆዱ ገብቶ አይፈጭም፣ አይወጣም። እየተጠራቀመ ቦታውን ሲይዝበት መኖ እምቢ ይላል፣ ከስቶ ይሞታል። ምክንያቱ የሚታወቀው ሆዱ ሲከፈት ነው። የተረፈውን ላስቲክ ደግሞ ለእሳት ማቀጣጠያ እናደርገዋለን፤ መርዘኛ ጭሱን ምድጃ ዳር የተቀመጡ ሕፃናት ይስቡታል።

ሕግ የለም አትበሉ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ስለ ፌስታል ደንግጓል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ነገር ግን ፌስታሉ ቀርቶ የብስኩቱ መጠቅለያ ካልተለወጠ መስካችን አይጸዳም።

አጥብቄ የማስጠነቅቃችሁ ይህን ነው፦ «ይበሰብሳል» የተባለውን መጠቅለያ ሁሉ አትመኑ። አንዱ ዓይነት ፀሐይ ሲያገኘው ይሰባበራል እንጂ አይበሰብስም፤ ደቆ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያለውን እ.ኤ.አ. በ2021 ከገበያ አግዷል። ሌላው ከበቆሎ ስታርች የሚሠራ ነው፤ እሱም በወጉ የሚበሰብሰው ወደ 60 ዲግሪ በሚሞቅ የኮምፖስት ማብላያ ውስጥ ነው። በእኛ ውርጭ ሜዳ ላይ የተጣለ እንደሆነ እንደሌላው ላስቲክ ይከርማል።

ስለዚህ ሱቅ ያላቸውን ልጆቻችሁን ዛሬውኑ ምከሩ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቀለም ባልነካው ወረቀት ወይም ገዢው በያዘው ዕቃ ይሸጥ፤ የጋዜጣ ቀለም ለምግብ አይሆንም። ብስኩትና ችፕስ የሚያመጣውን አከፋፋይ፦ «መጠቅለያህ በእኛ ብርድ፣ በእኛ አፈር ይበሰብሳል ወይ? ማስረጃህን አሳይ» በሉት። ማስረጃ ከሌለው ዕቃውን አትረከቡት። አንድ ባለሱቅ ብቻውን እምቢ ቢል ደንበኛውን ያጣል፤ ሁላችን በአንድ ቃል ከቆምን ግን የሚለወጠው አምራቹ ነው። ቃሉን የምናስረው እኛ ሽማግሎች ነን፤ ምእመኑ መንገድ ሳይጀምር እንሰረው።