ባል ሽንኩርት ቢልጥ ማንን ጎዳ?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የምንለጥፈው የመዋጮ፣ የጽዳትና የለቅሶ ማስታወቂያ እንደሆነ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን አንዳንዱ ሰው «ይሄ ደግሞ የማኅበር ጉዳይ ነው እንዴ?» ሊለው የሚችል ነገር ይዘን ቀርበናል። አዎ ነው እንላለን፤ ምክንያቱም ነገሩን ያበላሸነው እኛው ጎረቤቶቹ ነን።

በሠፈራችን የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት የቡናው ለቀማ ካለቀ በኋላ ማታ ማታ ማድ ቤት ገብተው ምግብ ሲሠሩ በስልክ እየቀረጹ በቲክቶክና በዩቲዩብ ማውጣት ጀምረው ነበር። ባል ሽንኩርት ይልጣል፣ ጎመን ይከትፋል፤ ሚስት ታቁላላለች፤ እየተጨዋወቱ ይሠራሉ። ስልኩን የሚይዝላቸው ሰው ስለሌለ በጣሳ አስደግፈው ያቆሙታል። ቪዲዮው ይህን ያህል የተዋጣለት ነበር አንልም። ጢሱ ያስቸግራል፣ መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ግማሹ ጨለማ ነው። ቢሆንም ሲያዩት ደስ ይል ነበር።

ከዚያ ወሬው ተነሣ። «ሚስቱ ጉልቻ ሥር አስቀመጠችው» ተባለ፤ ገበያ ላይም ስም ወጣለት። ይህ ከልጆች ብቻ የመጣ ቢሆን ልጆቹን መክረን እንተወው ነበር። ነገር ግን እኛም የኮሚቴ አባላት ከስብሰባ በኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ቪዲዮውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን ስቀናል። ይህንን ሳንደብቅ እንናገራለን። ባልየውም ሰማ፤ ቪዲዮውም ቆመ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍን ነበር። ባለፈው ሳምንት ወርሃዊ መዋጮ ልንሰበስብ ቤታቸው ሄደን ሳለ ወይዘሮዋን «ምነው ተዋችሁት?» ብንላቸው፣ «ቪዲዮውስ ይቅር፤ እኔን የከፋኝ እሱ አይደለም። ስልኩ ሲዘጋ ባሌም አብሮ ከማድ ቤት ወጣ። ሰባት ዓመት ብቻዬን ስንጨረጨር ኖሬ አራት ወር የሚያግዘኝ ሰው አገኘሁ፤ እሱንም ነጠቃችሁኝ» አሉን። ምን መልስ ይኖረናል? ደረሰኙን ቆርጠን ወጣን።

እስቲ ጉዳዩን እናስተውለው። ዲላ ወርደን ሆቴል ስንገባ ጥብሱን የሚሠራልን ብዙ ጊዜ ወንድ ነው፤ ጣፍጦን እንበላለን እንጂ ማን ነው የሚስቅበት? ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስ በቴሌቪዥን ምግብ ሲያዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ምግብ መጽሐፍ ሲያሳትም ባለሙያ ተብሎ ተከብሯል። በበዓል ቀን በሬ ገፎ ብልት የሚያወጣ ወንድም ይመሰገናል። ታዲያ ያው ወንድ በገዛ ቤቱ፣ ለገዛ ሚስቱ ሽንኩርት ሲልጥ ነው ውርደት የሚሆነው? ይህ እኛን አልገባንም።

አንዳንድ አባቶች «ሥርዓታችን አይደለም» ይላሉ። አባባላቸውን አናቃልልም። ሕጉም ቢሆን ቀድሞ በእነሱ ወገን ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው፤ ባል ሠራተኛ ሊቀጥርላት ካልቻለም ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ ትሠራለች ይል እንደነበረ ሕግ የሚያውቁ ጎረቤታችን አስረድተውናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻቸው ውስጥ እኩል መብት አላቸው አለ። አለ እንጂ፣ ሕግ ገብቶ ሽንኩርት አይልጥም።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ የሚብሰው በእንሰት ነው። ወንዱ ይተክላል፣ ይኮተኩታል፤ ተክሉም ዓመታት ይፈጃል። ከተቆረጠ በኋላ ያለው ሥራ ግን በሴት ጫንቃ ላይ ነው። ግንዱን በጣውላ ላይ አስደግፋ በእግሯ እየያዘች ትፍቃለች፣ ሥሩን ትወቅጣለች፣ ጉድጓድ ውስጥ በኮባ ጠቅልላ ትቀብራለች። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ቆይቶ ሲበስል አውጥታ ትጨምቃለች፣ ቃጫውን በቢላ ደጋግማ ትከትፋለች፣ ትነፋለች፣ ከዚያ በኋላ ነው ምጣድ ላይ የሚወጣው። ከተጨመቀው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ቡላ ይሆናል። እኛ ወንዶቹ ቆጮው በጎመን ተደርጎ ሲቀርብ ብቻ ነው የምናውቀው።

በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችን ደስ ብሎናል። እንሰቱ፣ ቡናውና ዛፉ አብረው መብቀላቸው ነው የተደነቀው። ታዲያ ያንን እንሰት ምግብ ያደረገው እጅ ለምን አይታይም? የከተማችን ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ናቸው፤ ፍቀቱን የሚያውቁት እናቶች ደግሞ እየደከሙ ነው። እነዚያ ባልና ሚስት ጎመን መክተፉን ትተው እንሰቱን ከቆረጣ እስከ ምጣድ ቢቀርጹ፣ ባልየውም ሸክሙንና ጭመቃውን ቢያግዝ፣ የምንማረው እኛ ነን።

ማሳሰቢያ የሌለው ነገር የለምና ሁለት ሦስቱን እንናገር። የሰው ልጅ፣ የሰው ጓዳ፣ ይልቁንም የለቅሶ ቤት ወጥ ሠሪዎች ሳይፈቅዱ አይቀረጹ። ስልኩ ፊት ሽንኩርት ልጦ፣ ስልኩ ሲጠፋ ድስቱን ለሚስቱ ትቶ የሚወጣም አይጠፋምና እሱን አንደግፍም። እንዲህ ያለውን ሚስቱ ታውቀዋለች፤ እኛ ምን አገባን።

ኮሚቴው በፊታችን እሑድ ከሰዓት በኋላ እነዚያ ባልና ሚስት ቤት ሄዶ ይቅርታ ሊጠይቅ ተስማምቷል። በስብሰባው ላይ «በቃል ብቻ አይሆንም» የሚል ሐሳብ ስለ ቀረበ፣ የምንሄደው ወንዶች አራታችንም ቢላ ይዘን እንሄዳለን፤ ጎመኑን ከማኅበሩ ሣጥን ሳይሆን ከኪሳችን እንገዛለን። ቢፈቅዱልን ይቅረጹን፤ መሳቅ የፈለገም በእኛ ይሳቅ። ሐሳብ ወይም ተቃውሞ ያለው ነዋሪ እስከ ቅዳሜ ድረስ ጽፎ በሩ ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ እንዲያስገባልን እንጠይቃለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ወናጎ