የቦቢ ሃል ግቦች የማን ናቸው?

በሰሜን አሜሪካ ናሽናል ሆኪ ሊግ መዝገብ ላይ ከቦቢ ሃል ስም ትይዩ የተጻፈው 610 ግብ ነው። ልጁ ብሬት ሃል 741 አለው። መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው ልጅ አባቱን በ131 ግብ በለጠ ብሎ ይደመድማል። አባትየው ግን በሙያ ዘመኑ በመደበኛ የሊግ ጨዋታዎች 913 ጊዜ አግብቷል። 303ቱ ከመዝገቡ የወጡት ዳኛ ስለሻራቸው አይደለም፤ በተቀናቃኝ ሊግ ስለገቡ ብቻ ነው። የተጫዋች ሥራ መመዘን ያለበት በተጫወተው ጨዋታ ሁሉ እንጂ የአንድ ድርጅት መዝገብ በሚፈቅደው ልክ አይደለም እላለሁ። ለዚህ ከሃል ሕይወት የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ሃል በ1939 በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ፖይንት አን በተባለች የሲሚንቶ ፋብሪካ መንደር ተወለደ (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ18 ዓመቱ ለቺካጎ ብላክ ሆክስ በግራ ክንፍ አጥቂነት መጫወት ጀመረ። በአይስ ሆኪ እያንዳንዱ ቡድን ከግብ ጠባቂው ሌላ አምስት ተጫዋቾች ያሰልፋል፤ ሦስቱ አጥቂዎች ናቸው። ሃል በበረዶው ላይ ሲሮጥ የሚደርስበት አልነበረም። ዱላውን ከትከሻው በላይ አንስቶ ጠፍጣፋዋን የጎማ ፓክ ሲመታት ደግሞ ያኔ አብዛኞቹ ያለ ጭንብል ለሚቆሙት ግብ ጠባቂዎች ሽብር ነበር። በ1961 ከቺካጎ ጋር የሊጉን የሻምፒዮንነት ሽልማት፣ የስታንሊ ዋንጫን አነሳ። በ1966 በአንድ የውድድር ዘመን ከ50 ግብ ያለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ፤ 54 አገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ 58 አሳደገው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን የሚሠራበትን ቦታ የመምረጥ መብት አልነበረውም። ሊጉ በእያንዳንዱ ውል ውስጥ ባስገባው አንቀጽ መሠረት የውል ዘመኑ ያለቀ ተጫዋች እንኳ ያለ ክለቡ ፈቃድ ወደ ሌላ መሄድ አይችልም ነበር። ደመወዝ የሚቆርጠው ክለቡ ነው። ቅር ያለው ተጫዋች ያለው ምርጫ ቤቱ መቀመጥ ነው። ሌላ ታላቅ ሊግ ስላልነበረ ደግሞ የሚጫረትለት አልነበረም።

ይህን የለወጠው በ1971 የተመሠረተው ወርልድ ሆኪ አሶሲዬሽን ነው። አዲሱ ሊግ ገንዘብም ሆነ ዝና ሳያካብት ነበር የተነሳው። መሥራቾቹ ተመልካች እንዲያምናቸው አንድ ታላቅ ስም ያስፈልጋቸው ነበር። የዊኒፔግ ጄትስ ባለቤት ቤን ሃትስኪን ወደ ሃል ሄደ። ሃል፣ ማንም አይከፍለውም ብሎ በማሰብ 1 ሚሊዮን ዶላር የፊርማ ክፍያ ጠየቀ። የአዲሱ ሊግ ክለቦች አዋጥተው ከፈሉት፤ ሃልም ሰኔ 27 ቀን 1972 የአስር ዓመት ውል ፈረመ። እርስ በርስ የሚፎካከሩ ክለቦች ለአንዱ ክለብ ተጫዋች ገንዘብ ያዋጡት የገዙት አጥቂ ብቻ ስላልሆነ ነው። የሊጋቸውን ህልውና መግዛታቸው ነበር።

አሮጌው ሊግ ወደ ፍርድ ቤት ሮጠ። ሃልም በክርክሩ ምክንያት የመጀመሪያዎቹን 15 ጨዋታዎች ከሜዳ ውጭ ሆኖ አሳለፈ። በኅዳር 1972 በፊላዴልፊያ ያስቻሉት የፌዴራል ዳኛ ሊዮን ሂገንቦተም ሊጉ ተጫዋቾችን አስሮ የሚያስቀርበትን አንቀጽ ሥራ ላይ እንዳያውል አገዱት። ከዚያ በኋላ የአሮጌው ሊግ ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን ለማቆየት ደመወዝ መጨመር ግድ ሆነባቸው። ከቺካጎ ንቅንቅ ያላሉ፣ አዲሱን ሊግ የናቁ ተጫዋቾች ጭምር የሃል ፊርማ ተጠቃሚዎች ሆኑ።

ሃል ግን ቅጣቱን ተቀበለ። በዚያው ዓመት መስከረም ካናዳ ከሶቭየት ኅብረት ጋር ታሪካዊውን የስምንት ጨዋታ ግጥሚያ ስታደርግ፣ ለአዲሱ ሊግ የፈረመ ሁሉ ከብሔራዊ ቡድኑ ተገለለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ትሩዶ ሃል እንዲሰለፍ ቢማጸኑም ሰሚ አላገኙም። ወንድሙ ዴኒስ የቺካጎ ተጫዋች ስለነበር ተሰለፈ፤ ቦቢ ቀረ። የሀገር ማሊያ የንግድ ጠብ መበቀያ ሆነ። ይህ ዛሬም ያስቆጨኛል፤ ምክንያቱም ያ ቡድን ካናዳን እወክላለሁ ብሎ የወጣ ነበርና።

በዊኒፔግ የሠራውን ግን ማንም ሊከለክለው አልቻለም። በ1974 ጄትስ አንደሽ ሄድበርግንና ኡልፍ ኒልሰንን ከስዊድን አመጣ። ሰሜን አሜሪካውያን አውሮፓውያንን ለስላሳ ናቸው ብለው በሚንቁበት ዘመን ሃል ከሁለቱ ጋር በአንድ መስመር ተሰለፈ። ሦስቱ ቦታ እየተቀያየሩ፣ ፓኳን ከመወርወር ይልቅ እየተቀባበሉ አዲስ አጨዋወት ፈጠሩ። በዚያ የውድድር ዘመን ሃል በ78 ጨዋታ 77 ግብ አገባ። ስዊድናውያኑ በየሜዳው ሲደበደቡ ደግሞ በ1975 ሜዳ ላይ ያለውን ጭካኔ በመቃወም ለአንድ ጨዋታ አልሰለፍም አለ። በጥር 1978 ጄትስ የሶቭየትን ብሔራዊ ቡድን 5 ለ 3 አሸነፈ፤ ሦስቱን ያገባው 39 ዓመት የሞላው ሃል ነበር። ኋላ ከ1984 እስከ 1990 አምስት ጊዜ የስታንሊ ዋንጫን የወሰደው ኤድመንተን ኦይለርስም በዚሁ የፍጥነትና የቅብብል መንገድ ነው የሄደው።

የሚነሳው ተቃውሞ አለ፤ ክብደትም አለው። አዲሱ ሊግ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደካማ ነበር። ክለቦች ይፈርሱ፣ ከተማ ይቀያይሩ ነበር፤ በርካታ ተጫዋቾችም ከበታች ሊጎች የመጡ ነበሩ። ስለዚህ የዊኒፔግ 77 ከቺካጎ 58 ጋር እኩል አይመዘንም። እቀበላለሁ። ነገር ግን አሮጌው ሊግም በ1967 በአንድ ዓመት ከ6 ክለብ ወደ 12 ሲሰፋ የተጫዋች ጥራት ሳስቷል። በአዲሶቹ ደካማ ክለቦች ላይ የገቡ ግቦች ግን አንዳቸውም ከመዝገብ አልወጡም። ሚዛኑ ጥራት ቢሆን ኖሮ እነሱም ይቀነሱ ነበር። በሁለቱ ሊጎች ክለቦች መካከል በተደረጉት የወዳጅነት ጨዋታዎች ደግሞ የአዲሱ ሊግ ክለቦች ድል ከሽንፈታቸው ይበዛል።

ክርክሩን የሚቋጨው የዌይን ግሬትዝኪ ጉዳይ ነው። ግሬትዝኪ በ1978–79 ገና በለጋ ዕድሜው በአዲሱ ሊግ 46 ግብ አገባ። በ1979 አዲሱ ሊግ ሲፈርስ ዊኒፔግ፣ ኤድመንተን፣ ኩቤክና ሃርትፎርድ ወደ አሮጌው ተቀላቀሉ። ግሬትዝኪ በአሮጌው ሊግ የመጀመሪያ ዓመቱ ከሊጉ ከፍተኛውን ነጥብ በእኩልነት ቢይዝም የምርጥ ጀማሪ ሽልማት ተነፈገው። ምክንያቱ ቀድሞ በሙያተኛ ሊግ ተጫውቷል የሚል ነው። እንግዲህ ያ ዓመት ሽልማት ለመከልከል የሙያ ዓመት ይሆናል፣ ግብ ለመቁጠር ሲሆን ግን እንዳልነበረ ይቆጠራል። አንዱን እህል በሁለት ቁና መስፈር ማለት ይህ ነው። በ2025 ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኦቬችኪን በዚሁ ሊግ 895ኛ ግቡን ሲያገባ የግሬትዝኪን የግብ ክብረ ወሰን ሰበረ ተባለ። ኦቬችኪን ታላቅ መሆኑ አያጠራጥርም፤ በሀገሩ ክለብ በዲናሞ ሞስኮ ያገባቸውም አልተቆጠሩለትም። ግን በሁለቱ ሊጎች ግሬትዝኪ 940፣ አንጋፋው አጥቂ ጎርዲ ሃው 975 መደበኛ ግቦች እንዳሏቸው ስንት ሰው ሰማ?

ሙሉ ታሪክ ይጻፍ የሚል ሰው የሚያሳፍረውንም ክፍል መተው አይችልም። የሃል የቀድሞ ሚስት ስለደረሰባት ድብደባ በአደባባይ ተናግራለች። በ1998 አንድ የሩሲያ ጋዜጣ ሂትለርን የሚያሞካሽ ንግግር ከአንደበቱ ሰማሁ ብሎ ጻፈ፤ ሃል አስተባብሏል። በ2022 ቺካጎ ከክለቡ የአምባሳደርነት ሚናው መሰናበቱን አስታወቀ። ግቦቹ እነዚህን አይሽሩም፤ እነዚህም ግቦቹን አይሰርዙም። በጥር 2023 በሞት ሲለይ ሁለቱንም ትቶ ነው የሄደው።

በ1980 የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ መደበኛ ጨዋታዎቹን በሃርትፎርድ ከጎርዲ ሃው ጋር ተጫወተ፤ በ1983 ሆኪ በዝና አዳራሹ አከበረው። የቀረው መዝገቡ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ የሁለቱ ሊጎች ቁጥር ሳይደባለቅ፣ የየትኛው ሊግ እንደሆነ ተጠቅሶ፣ ጎን ለጎን ይታተም፣ ድምሩም ይጻፍ። አንባቢው ክብደቱን ራሱ ይመዝናል። አሮጌው ሊግ አራቱን ክለቦች ወስዷል፤ ተጫዋቾቹንም፣ አጨዋወታቸውንም፣ ተመልካቾቻቸውንም ወርሷል። ርስቱን የወረሰ ታሪኩንም መውረስ ግዴታው ነው።