ከመቃብሩ በላይ የነበሩት ሰዎችስ?

ስለ ጥንታዊት ግብፅ ሲነሣ እኛ እጩ መምህራን አፋችን ላይ ቶሎ የሚመጣው ፒራሚድና ፈርዖን ነው። ነገ ለተማሪዎቻችን የምናስጠናውም ይኼንኑ ሳይሆን አይቀርም። እስቲ ዛሬ ደግሞ ጉርናን እናንሣ።

ጉርና ከሉክሶር ከተማ ማዶ፣ ከዓባይ በስተምዕራብ፣ የጥንት ሹማምንት በተቀበሩበት ኮረብታ ላይ የነበረ መንደር ነው። መንደርተኛው ቤቱን የሠራው ከመቃብሩ ደጃፍ ላይ ነበር፤ የተፈለፈለው ዋሻ እንደ ጓዳ ያገለግለዋል፣ ከበጋው ሐሩርም ይሸሸግበታል። ከመቃብሮቹ አንዱ የሬክሚሬ ነው። ይህ ሰው ከ3,400 ዓመት በፊት የሦስተኛው ቱትሞስ ዋና ሹም ነበር። በመቃብሩ ግድግዳ ላይ ጭቃ እያቦኩ ጡብ የሚሠሩ ሰዎች ተሥለዋል። የጉርና ሰውም ቤቱን የሠራው በጭቃ ጡብ ነው!

ታዲያ ለምን ይነሡ ተባለ? ሌቦች ናቸው ተባለ። አንዳንዶቹ ከመቃብር ያወጡትን ዕቃ ይሸጡ እንደነበር አይካድም። በ1881 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለባለ ሥልጣኖች የታወቀውን የነገሥታት አስከሬን መደበቂያ ቀድመው አግኝተው ዕቃውን ሲቸበችቡ የነበሩት የጉርና ወንድማማቾች ናቸው። ግን ገዥውስ ማን ነበር? ሻጩ ሌባ ሲባል ገዥው «ቅርስ ሰብሳቢ» የሚባለው እንዴት ነው ነገሩ? ሁለተኛው ምክንያት የፍሳሽ ውሃ መቃብሩን ያበላሻል የሚል ነው፤ ይኼ እውነት አለበት። ሆኖም መንደሩ የቧንቧ ውሃ ስላልነበረው ሰዉ በአህያ እያመላለሰ ነበር የሚጠጣው።

በ1945 መንግሥት ለግብፃዊው አርክቴክት ለሐሰን ፋትሒ አዲስ መንደር እንዲሠራ አዘዘው። ፋትሒ በጭቃ ጡብ ጉልላት ያላቸው ያማሩ ቤቶች፣ መስጊድ፣ ገበያና ትምህርት ቤት ሠራ። ሰዎቹ ግን አብዛኞቹ አንሄድም አሉ፤ ሥራውም ሳያልቅ ቀረ። እንጀራቸው ያለው ኮረብታው ላይ ነዋ! ለአርኪዎሎጂ ቁፋሮ የሚቀጠሩት፣ ጎብኚ የሚመሩት፣ ከአልባስጥሮስ የቀረጹትን የሚሸጡት እዚያው ነበር። የሚገርመው፣ ያ ሰው ያልገባበት መንደር ዛሬ ራሱ ይጠበቅ የሚባል ቅርስ ሆኗል።

በታኅሣሥ 2006 ግን ቡልዶዘር መጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መንደሩ አብዛኛው ፈረሰ፤ ሰዉም መንግሥት ወደ ሠራለት ሠፈር ተዛወረ። ውሃና መብራት በማግኘታቸው ደስ ያላቸው ነበሩ፤ በተለይ ወጣቶቹ። ከጎብኚው በመራቃቸው ገቢያቸው የተቋረጠም ነበሩ። ከመካ የተመለሰ ሰው ጉዞውን በቤቱ ግድግዳ ላይ ያሣለው ሥዕልም አብሮ ተናደ።

መቃብሩ ይጠበቅ፤ በዚህ አንከራከርም። የምንቃወመው የ3,400 ዓመቱ ግድግዳ ታሪክ ሲሆን የመቶ ዓመቱ ግድግዳ ቆሻሻ ተብሎ መጠረጉን ነው። ሁላችንም የተማርነው የፑንት ጉዞ የተቀረጸበት የሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ እኮ ለጉርና ጎረቤት ነው፤ አሸዋውን ጠርጎ ያወጣውም የአካባቢው ሰው ጉልበት ነው። በየትኛው የታሪክ ትምህርታችን ተነገረለት?

ስለዚህ በማስተማር ልምምድ ጊዜ የግብፅ ታሪክ የሚደርሰን ሁሉ ከአርባው ደቂቃ አሥሩን ለጉርና እንስጥ እንላለን። የታሪክ መምህራኖቻችን፣ ጊዜ አይበቃም ትሉን ይሆን? መልሳችሁን እዚሁ ግድግዳ ላይ እንጠብቃለን።